እግሯ የጠፋ

ሃያ ስድስት ዓመት ከምድር ቤት መጋዘን፣
ሥራዬ ካርድ መጻፍ፣ ስባሪ መመዘን።
ገሉን «ገል» እላለሁ፣ ድንጋዩን «ድንጋይ»፤
ስሙን የማላውቀው ሲመጣ ከላይ
«ያልታወቀ ነገር» ብዬ አሰፍራለሁ፣
ቀለሙ ሳይደርቅ ሌላ እጀምራለሁ።

አንድ ቀን በጋዜጣ ተጠቅልላ መጣች፣
መዳፍ የማትሞላ፣ ከሸክላ የወጣች
ግመል። ሻኛዋ ተፍቋል። አንገቷ ላይ ጭረት፤
የገመድ ይሁን የጥፍር፣ አልቻልሁም ለመለየት።
አገላበጥኋት። ከሆዷ ሥር፣ ጠፍጣፋው ላይ፣
አራት ጉብታ ብቻ፤ ሌላ የለም የሚታይ።
መተላለፊያው ላይ፣ ፎቶው ውስጥ ያሉት
የዋሻ ግመሎች፣ በቀይ አፈር የተሳሉት፣
እግራቸው እንደ ክር ረዝሞ ይራመዳሉ።
ይቺ ግን መቆሚያ የላት። ብዕሬን አነሣሁ፦
«ቁጥር ሦስት መቶ አርባ። ግመል። ሸክላ።
ዘመኗ ያልታወቀ። እግሯ የጠፋ።»
አቶ መንግሥተአብ ፈረመ፤ ማኅተሙ አረፈ፤
መሳቢያው ተዘጋ፤ ስንት ክረምት አለፈ።

ጡረታ ወጣሁና፣ ዕጣ ደርሶኝ ኖሮ፣
ኮዬ ፈጬ ገባሁ፣ አራተኛ ፎቅ፤
ውኃው በሳምንት አንዴ፣ ያውም ሲያስነጥስ፣
ደረጃው ሰባ ሁለት፣ በጉልበቴ የሚታወቅ።

በቀደም ማለዳ ዳቦ ልገዛ ወርጄ
አስፋልቱ ዳር አየሁ፣ ሰው ተሰብስቦ።
አይሱዙ ቆማለች፣ የኋላ ጎማዋ ተንፍሶ፤
ከላይዋ ስድስት አንገት፣ አጥሩን አልፎ ተመዝዞ
ሕንፃዎቹን ያያል፣
ኪራይ እንደጠየቁት ሰው፣ ከንፈሩን ጥሎ።
የባጃጅ ልጆች ይሳሳቃሉ፤
«ረዳት፣ ሒሳብ ተቀበላቸው!»
ክሪኩ አላነሣም አለ። አንድ ሽበታም ሰው፣
ጂሎ ይሉታል፣ ከመተሐራ አብሯቸው የመጣ፣
አንድ በአንድ አወረዳቸው።
የመጨረሻዋን፣ ነጯን፣ በምላሱ «ቋ» አላት፤
ትከሻዋን ነካ አደረጋት።

እሷም
መጀመሪያ የፊት ጉልበቷን፣
እንደ ለቅሶ ቤት ታጣፊ ወንበር፤
ከዚያ የኋላውን፤
ከዚያ እያጉረመረመች ደረቷን።
አራቱም እግር ወደ ውስጥ ገባ።
ከጠጠሩ ላይ የቀረው
አራት ጉብታ።

ጠጋ አልሁ። «ትናከሳለች፣ እናቴ» አለኝ ጂሎ።
«እግሯ የት ሄደ?» አልሁት።
አየኝ፤ ጤናዬን ሳይጠራጠር አልቀረም።
«ከሥሯ ነው እንጂ፣ የት ይሄዳል?» አለ።

ግመል ሰርቆ አጎንብሶ ሲሉ ስንቴ ሰምቻለሁ!
እኔስ እግሯን ብቻ፣ አራቱን ሰርቄ፣
ያን ሁሉ ዓመት ካርድ ላይ አጎንብሻለሁ፤
አንድም ሰው ሳይነቃ፣ ራሴም ሳላውቅ ሰርቄ።
ያቺን የሠራት ሰው (ለእሱ ካርድ የለውም)
ሌሎች ዋሻ ላይ ሲያስኬዷት፣ በሰልፍ፣ ያለ ማቋረጥ፣
እሱ ጭነቷን አወረደላት፤
ጭቃው ሳይደርቅ፣ በአውራ ጣቱ
አስቀመጣት።

ቤት ገብቼ ደወልሁ። አንድ ልጅ አነሣው።
«እግሯ አልጠፋም» አልሁት። «የማን?» አለኝ።
አስረዳሁት። መዝገቡ ኮምፒውተር ገብቷል፤
ለማስተካከል ደብዳቤ፣ በኃላፊ በኩል፣ በሁለት ቅጂ።
ጨዋ ልጅ ነው፤ ሊዘጋው ሲል ብቻ
«ግን እማማ፣ ምን ለውጥ ያመጣል?» አለ።
ምን ልበለው? ተቀምጣለች ለማለት
እግሯን አጥታለች እያልን መኖራችን
ቀላል ነው?

ከመብራት ደረሰኙ ጀርባ፣
«ጉዳዩ፦ ቁጥር ሦስት መቶ አርባ»
ብዬ ስጀምር፣ ከታች «ቋ» ሲል ሰማሁ።
ጠረጴዛውን ይዤ፣ አንዱን ጉልበት አስቀድሜ፣
እያጉረመረምሁ ተነሣሁ።
እሷም በኋላ እግሯ ጀምራ፣ ሻኛዋን ወደ ሰማይ፣
ተነሣች፤ አቧራዋን አራገፈች አስፋልቱ ላይ።
ከመስኮቴ ቆጠርኋቸው።
አራት።